የመስኮቱ ኢብሳ

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ዛሬ ገዛኸኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እያየኝ አስተማርኩ። የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ስለሆነ በየወሩ አንዳችንን ገብቶ እንዲያይ ታዟል። ስንወጣ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። የሰሌዳ ጽሑፌን አላመሰገነ፣ ድምፄን አላመሰገነ። «ሸዋርጋ፣ ትጠይቂያለሽ፤ ተማሪው አፉን ሳይከፍት ደግሞ ራስሽ ትመልሻለሽ» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ተናደድኩ። ስልሳ ምናምን ልጅ ተጣብቦ የተቀመጠበት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ ብቆም ትምህርቱን ማን ሊጨርስልኝ ነው? እሱ ራሱ ሲያስተምር ድምፁ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም።

ቤት ገብቼ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። «ገባችሁ?» እላለሁ፤ «ኤዬ፣ አዎ» ይሉኛል በአንድ ድምፅ፤ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። ያ «ኤዬ» ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን አጣርቼ አላውቅም። ነገ እጠይቅና ዝም እላለሁ። ምን ይመጣ ይሆን?

ጥቅምት 26

ሞከርኩት።

«ከአምስት ላይ ሁለት ብንቀንስ ሦስት። ከሁለት ላይ አምስት ብንቀንስስ?» ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ዝምታ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንዱ ሳለ። አንዷ እርሳሷን ጣለችና አነሳች። ውጭ የጋሪ ፈረስ ሲያልፍ ኮቴው ይሰማል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ ሊያንቀኝ ነበር።

ከመካከለኛው ረድፍ ሀዋኒ ቀነኒሳ እጇን አወጣች። መልስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ጥያቄ ነው ያላት። «ቲቸር፣ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር የት ነው የሚኖረው?» ክፍሉ ሳቀ። ላስረዳ አፌን ስከፍት የገዛኸኝ ፊት ታየኝና መልሼ ዘጋሁት። «የት ይመስላችኋል?» አልኩ።

ከመስኮቱ ሥር ኢብሳ ዳቢሴ «ሰነቴ ተራራ ላይ» አለ። ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የዚያን ልጅ ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አጎቱ እዚያ ያለው ፓርክ ጥበቃ ነው፤ የብርድ መለኪያ አላቸው፤ ሌሊት ውሃው ድንጋይ ይሆናል። ሀዋኒ ወደ እሱ ዞር ብላ ብርዱ ሲበረታ ቁጥሩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ብላ ያዘችው። ደወል እስኪደወል ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ሲከራከር እኔ እንደ ሽማግሌ መሀል ቆሜ ቀረሁ። አንዲት ነገር ሳላስተምር ሁሉም ተምረው ወጡ።

ለገዛኸኝ አልነግረውም። ይኮራብኛል።

ኅዳር 2

አዲስ ጨዋታ አመጣሁ። ከአሮጌ ካልሲ ኳስ ሠርቼ፣ የመለሰው ልጅ የሚቀጥለውን ተማሪ ስም ጠርቶ ይወረውርለታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ስም ከነአባት ይጠራል። ሁለት ኢብሳ ስላሉን ነው። ኢብሳ በየነ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳይጠየቅ የሚመልሰው፣ ኢብሳ ዳቢሴ ደግሞ የመስኮቱ። የኢብሳ ዳቢሴ አባት የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ናቸው። ስብሰባ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሰው ናቸው።

ጠዋት ጠዋት አቴንዳንስ መጥራቱን ለሀዋኒ ሰጠኋት። ድምፅዋ የኋላውን ረድፍ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። እናቷን አንድ ቀን ባገኝ «ይህቺን ልጅ ከትምህርት እንዳታስቀሯት» እላታለሁ። ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ አላውቅም፤ የሚያስቀራት ነገር የለም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አከራዬን አዴ ዲንቄን ሳልስቅባት የዋልኩበት ቀን የለም። ዛሬ ድንች ልታመጣ ገበያ ልትሄድ ብላ «ያንን የሰማያዊውን ባጃጅ ልጅ ጥሪልኝ» ትለኛለች። ልጁ ነገሪ ይባላል፤ ጎረቤታችን ነው፤ ስታሳድገው የኖረችው እሷ ናት። «ስሙን ረሱት እንዴ?» ብላት ሻሿን አስተካክላ ሳቀች። ለካ የባለቤቷ አባት ስም ነገሪ ነው። ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ለጉ ነው። ጎባ ተወልጄ አድጌ ለጉን እንዴት አላውቅ፤ ግን የድሮ ሰዎች ነገር አድርጌ ነው የማየው። «አማትዎ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ አሁንም?» አልኳት።

«ሰውየው ሞተ፤ ስሙ ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

ነገሪ ባጃጁን አምጥቶ በራፉ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ እሷ «መጣሁ፣ አንተ ሰማያዊ!» እያለች ወጣች።

ኅዳር 16

የሆነ ነገር አለ።

ሀዋኒ ስም ስትጠራ ሁሉንም ከነአባቱ ጠርታ ጠርታ ኢብሳ ዳቢሴ ጋ ስትደርስ «የመስኮቱ ኢብሳ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። እሱ ደግሞ «አለሁ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ።

ነገሩን ለገዛኸኝ ነገርኩት። «ተጣልተው ነው፤ ወይም ተዋደው» አለኝ። ለእሱ ሁሉም ነገር ሁለት መልስ ነው ያለው። እኔ ሦስተኛም አለ ብዬ አስባለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።

ኅዳር 19

ምርመራዬን ጀመርኩ። ሁለቱን አንድ ቡድን ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ኢብሳ ዳቢሴን መሪ አደረግኩት። ተጣልተው ከሆነ ይታረቃሉ፤ ተዋደው ከሆነም ቶሎ ይሰለቻቻሉ ብዬ።

አልተጣሉም። ማስመሪያዋን ታቀብለዋለች፤ ሲሳሳት ትስቅበታለች፤ እንደ እህትና ወንድም ናቸው። ኳሱ እጇ ሲገባ ግን ያለ ስም ትወረውርለታለች። «ስም ከነአባት!» ስላት «ደከመኝ ቲቸር» ብላ ተቀመጠች። ያቺ ልጅ ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ስጽፈው ነው የታወቀኝ።

ኅዳር 24

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሁለት ሴት ልጆች እያወሩ አለፍኩ። «አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው አሉ፤ ገሰራ ነው የምትሄደው» አለች አንዷ። «ታዲያ ትምህርቱስ?» አለች ሌላዋ። ሲያዩኝ «አከም ጅርቱ ቲቸር» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና አፈሩ። ማን እንደሆነች ልጠይቅ ስል ደወል ተደወለ።

ታኅሣሥ 1

ርእሰ መምህሩ አቶ ደምሴ ጠርቶኝ ከዞን ለሱፐርቪዥን የሚመጡት ሰዎች እንዲያዩት የእኔ ክፍል መመረጡን ነገረኝ። «ያ የኳሱ ነገር ይታይ» አለ። ማን ነገረው? ገዛኸኝ እንጂ ማን ይነግረዋል። እሱን ብሎ ምስጢር ጠባቂ።

ዕቅድ አላለቀም። ቀሚሴ አልተተኮሰም። መብራት የለም።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 4

እጽፈዋለሁ።

ሦስት ሰዎች መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሀዋኒ አቴንዳንስ መጥራት ጀመረች። ጥሩ ሄደች፣ ጥሩ ሄደች፣ ከዚያ «የመስኮቱ ኢብሳ»። ከእንግዶቹ አንዱ ቀና አለ። እኔ እንግዳ ፊት የቀለደችብኝ መሰለኝ። «ሙሉ ስሙን ጥሪ» አልኳት። ዝም አለች። ያን ጊዜ የተማርኩትን ሁሉ አወጣሁና ጠበቅኳት። እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ፣ ክፍሉ ሁሉ እያያት። ገዛኸኝ ያስተማረኝን ዝምታ እንደ ዱላ ያዝኩት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አልወጣላትም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጇ አስቀምጣ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

ያደረግኩት አልበቃ ብሎኝ እዚያው አቴንዳንሱን ለኢብሳ በየነ ሰጠሁት። ሰዎቹ ክፍሌን «ሥርዓት ያለው» ብለው ጻፉልኝ። ደምሴ ጨበጠኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ገና መልቀም አልጀመርኩም።

ታኅሣሥ 8

ሀዋኒ አልመጣችም። ትናንትም፣ ዓርብም አልመጣችም።

ክፍሉ ወደ «ኤዬ» ተመልሷል። ዛሬ ጠይቄ ብጠብቅ ብጠብቅ ማንም የለም፤ በመጨረሻ ራሴ መለስኩ። በዕረፍት ሰዓት ኢብሳ ዳቢሴን ለብቻው ጠርቼ ሀዋኒ የት እንዳለች ጠየቅኩት። ወለሉን እያየ «ቲቸር፣ እኔ ብናገር ነውር ነው» አለኝ። ምኑ ነው ነውር? ከልጁ ፊት ላይ ግን ጥፋት ሳይሆን ሐዘን ነው ያየሁት።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻዋ እኔ ነኝ።

ከአዴ ዲንቄ ጋር ምሳ እየበላን ነው። ምስር። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ሲሰማ «ሰማያዊው መጣ» አለች። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ሰማያዊው። የመስኮቱ። ልጁ አይደለም ስሙ የከበዳት፤ የልጁ አባት ስም ነው። ኢብሳ ማለት አላቃታትም። ዳቢሴ ማለት ነው ያቃታት።

«አዴ ዲንቄ፣ ገና ያላገባች ልጅ ለጉ ትይዛለች?» አልኳት።

«ቃል ከታሰረ የሚጀምሩ አሉ። ጨዋ ልጅ ብትሆን ነው» አለች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ «ምነው ልጄ?» አለችኝ።

ኢብሳ ታላቅ ወንድም አለው፤ ገሰራ ከተማ ነው የሚሠራው። አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው አሉ። ገሰራ ነው የምትሄደው። ሁሉንም ነገር አስቀድሜ በጆሮዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ አይቼ፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነውር እንድትሠራ አዘዝኳት፤ አልሠራም ብላ ስትቆም ቀጣኋት። እኔ ደግሞ ጎባ ተወልጄ አድጌ ነው የምለው።

ታኅሣሥ 14

ለደምሴም ለገዛኸኝም ነገርኳቸው። ደምሴ ብዙ ጊዜ ነገር የሚያለዝብ ሰው ነው፤ ዛሬ አላለዘበም። ዕድሜዋ አልደረሰም፤ ጋብቻው ካልቆመ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ማወቅ አለበት፤ ራሱ ይጽፋል። ግን አቶ ዳቢሴ የኅብረቱ ሰብሳቢ ናቸው፤ በደብዳቤ ከተጀመረ ሁለት ቤተሰብ ይጣላል፤ ልጅቷም በመሀል ትቀራለች። «መጀመሪያ አንቺ ሂጂ። እስከ ገና ምንም ካልተለወጠ እኔ እጽፋለሁ» አለኝ።

እኔ ሄጄ ምን ልል? ገዛኸኝ እስከ በሩ ተከተለኝና «ንግግር አታዘጋጂ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አብሬሽ ልምጣ?» አለ። አይ አልኩት። ቶሎ ነው የመለስኩት፤ ሳላስበው።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ላይ ወርጄ በስንዴው መሀል ገባሁ። ግማሹ ታጭዷል፤ ኮምባይነሩ ማዶ እየዞረ አቧራው ሰማይ ይነካል። የሀዋኒ እናት ጤቤ ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ጭኮ አቀረበችልኝ፤ ቅቤው ሲያብረቀርቅ ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳት። «እኛ ጴንጤዎቹ እንረሳዋለን» ብላ ስቃ በቆሎ ቀየረችልኝ።

ክፉ ሴት ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ጤቤ ክፉ አይደለችም። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ መሬታቸው ከእኛ ጋር ይዋሰናል፤ ልጁ ሠራተኛ ነው፤ ባለቤቴ ቀነኒሳ ቃል ሰጥቷል፤ ማንም አላስገደዳትም አለችኝ። «እሷስ ምን አለች?» አልኳት። «ምን ትላለች? ዝም አለች» አለች። ያቺ ዝምታ እንደ እኔ ክፍል «ኤዬ» ናት። ጤቤም ሰምታ አለፈች።

ሀዋኒ ከጭዱ ክምር አጠገብ ነበረች። ስታየኝ ተነሳች። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለጉ መሆኑን አላወቅኩም፣ ባውቅም ሰው ፊት እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ከጎኗ። ሁለታችንም ኮምባይነሩን እያየን «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ጠበቅኩ። ኮምባይነሩ እስከ ዳር ሄዶ ዞሮ ተመለሰ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ አላየኋትም።

«የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ መልሱን አላዘጋጀሁም» አለች።

ከዚያ ቀጠለች። ለጉውን ያዢ ብሎ ያዘዛት የለም። የማይቀር ከሆነ ቀደም ብዬ ብለምደው በኋላ አይከብደኝም ብላ ብቻዋን ነው የጀመረችው። እቤት አልከበዳትም። ክፍል ውስጥ ግን ከበዳት። ስሙን በዘለለችው ቁጥር ከክፍሉ ትንሽ ትንሽ የወጣች ይመስላት ጀመር። «መማር እፈልጋለሁ ቲቸር። ከዜሮ በታች ያለውን አልጨረስንም» አለች።

አለቀስኩ። ጭዱ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ አመካኘሁ።

አባቷ የሰጠውን ቃል አያጥፍም አለችኝ። ቃሉን መመለስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ብዬ ስጠይቃት ስሙን አልጠራችም፤ በአገጯ ማዶ ያለውን ቤት አሳየችኝ።

ታኅሣሥ 22

አቶ ዳቢሴ ለኅብረቱ ስብሰባ መጥተው ነበር። ሲያልቅ አንድ ጊዜ እንዲያናግሩኝ ለመንኳቸው። የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ንግግር አላዘጋጀሁም። በልቤ ግን ያው የሕጉን ቁጥር ሳይቀር ሸምድጄ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው። «ኦቦ ዳቢሴ፣ ሀዋኒ ስምዎን አትጠራም። ማን እንደከለከላት ያውቃሉ?» አልኳቸውና ዝም አልኩ።

እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ዝምታ የሚችሉ ሰው ናቸው። ባርኔጣውን ሲያዞሩት ቆዩ። በመጨረሻ «ቤቴ ያልገባች ልጅ ስሜን ምን ብላ ትሸከማለች?» አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ የደነገጡ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። የሱፐርቪዥኑን ቀን፣ የእኔን ጥፋት፣ ከትምህርት መቅረቷን፣ የሰነቴን ጥያቄ። ሰነቴ ላይ ስደርስ «እሱን ልጄ እቤት ነግሮናል፤ ጥያቄውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ ነው ያለን» አሉና ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ።

ከዚያ መደበቅ አልፈለግኩም፤ ነገሩ ካልቆመ ለጽሕፈት ቤቱ እንደሚጻፍ ነገርኳቸው። ፈገግታው ጠፋ። ተነሡ። ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ገለቶሚ፣ ባርሲስቱ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ፣ መምህርት ማለታቸው ነው። እሺም እምቢም ሳይሉ ወጡ።

አበላሸሁት? ያንን የመጨረሻውን ባልናገርስ? ግን ሌላ ሰው ነግሯቸው ቢሰሙትስ? አላውቅም። አላውቅም።

ታኅሣሥ 30፣ ጎባ

በዓሉን እናቴ ጋ ዋልኩ። ዶሮው ጥሩ ነበር። ከምሳ በኋላ ደግሞ የተለመደው ነገር መጣ፤ የሆነ ሰው አለ፣ መኪና አለው፣ ቤተሰቡ የታወቀ ነው። እናቴ ሁሉንም ነግራኝ ጨረሰች። ምን እፈልግ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

ገዛኸኝ እንኳን አደረሰሽ ብሎ ደወለ። ከሀዋኒ ወሬ አለ ወይ አለኝ፤ የለም አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ስልክ ላይ ዝም ማለት ገንዘብ ይበላል፤ ግን አልዘጋንም።

ደምሴ ደብዳቤውን ሰኞ ይጽፋል።

ጥር 2

ኢብሳ ዳቢሴ ደወል ሳይደወል ስታፍ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

አባቱ ከገና ማግስት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቀነኒሳ ቤት ሄደዋል። ቃሉን መልሰዋል። ለገሰራው ልጃቸውም ራሳቸው ነግረውታል። ኢብሳ የአባቱን አነጋገር አስመስሎ ነገረኝ፤ «ልጅቷ ስሜን ትጥራ። ከጠራች ልጄ አይደለችም፤ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ትማር። ካልጠራች ግን አስባ ትንገረን፤ እሷ ሳትናገር ማንም እንዳይናገርላት» ብለዋል። አባቷ ቀነኒሳ ተቆጥቷል። ከጠራችው የተከበረ ቤት ናቀች ይባላል፤ ሁለተኛ ማን ደጃችንን ይረግጣል ብሏል። ጤቤ አልቅሳለች። ሀዋኒ ምን እንዳለች ግን ኢብሳ አያውቅም።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። ይህን ጥያቄ አሁን ሱስ አድርጌዋለሁ።

«እኔ ክፍሉ እንደ በፊቱ ቢሆን እፈልጋለሁ» አለና ወደ ክፍል ሮጠ።

ለደምሴ ነገርኩት። ደብዳቤውን አላጠፋም፤ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ጥር 5፣ ሰኞ

መጣች።

ስገባ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ደብተሯን ከፍታ፣ ቀና ሳትል። ክፍሉ ሁሉ ነገሩን ያውቃል፤ ሮቤ ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም። አንድም ልጅ አላሽካካም። ኢብሳ በየነ አቴንዳንሱን ይዞ ተነሳ፤ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሳልነግረው ሄዶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ያ ለፍላፊ ልጅ እንዲህ ያለ ልብ እንዳለው አላውቅም ነበር።

አልፈልግም ብትል አልጫናትም ብዬ ወስኜ ነው የገባሁት። ተነሳች። መጥራት ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻክሮ ነበር፤ ከአንድ ሁለት ስም በኋላ ተስተካከለ። ሁሉንም ከነአባቱ። የመስኮቱ ልጅ ጋ ደረሰችና ቆመች።

መውጫ አዘጋጅቼላት ነበር። «የመስኮቱን አይቼዋለሁ፣ አለ፣ እለፊው» ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። እሷን አላየኋትም፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የዓርቡን ጽሑፍ ማጥፋት ጀመርኩ። ሰሌዳው ጠራ፤ እኔ ግን ማጥፋቴን አላቆምኩም። ውጭ የጋሪ ፈረስ አለፈ።

«ኢብሳ ዳቢሴ» አለች።

ከመስኮቱ ሥር «አለሁ» አለ። የእሱ ድምፅ ከእሷ ይልቅ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።